የታናሼ መሪ ውፍረት

ሰኞ 3

ታናሼ ዛሬ ሱቅ መጥታ የብስክሌቷ መሪ እንዲቀየር መወሰኑን ነገረችኝ። ነገረችኝ እንጂ አላማከረችኝም። ብስክሌት ስጠግን አምስት ዓመቴ ነው፤ የተራራ ብስክሌት ፈትቼ ስገጥም ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ግን የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይባል የለ።

እስካሁን የምትነዳበት መሪ መሐሉ ላይ፣ አንገቱ (መሪውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያያይዘው ብረት) ጨብጦ በሚይዘው ቦታ፣ ሠላሳ አንድ ነጥብ ስምንት ሚሊ ነው። እኛ ሱቅ ውስጥ «ቀጭኑ» እንለዋለን። የታዘዘላት ሠላሳ አምስት ሚሊ ነው፣ «ወፍራሙ»። ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ከምናምን ነው። ሰው ለሦስት ሚሊ ይቀያየማል ቢሉኝ እስቅ ነበር።

ያዘዘላት አሰልጣኙ ነው። «ወፍራሙ አይተጣጠፍም፤ ቁልቁለት ላይ የምትዪውን ይሰማል» ብሏታል። ለአራት ዓመት የኔም አሰልጣኝ ነበር። ፊቱ ስቆም አንቱ እላለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አንተ ነው። ደብተሩ የራሴ ነው።

ውድድሩ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል።

ሐሙስ 6

ቀየርኩላት። አራቱን ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ፣ የላይና የታች ክፍተቱ እኩል ሆኖ፣ ጥብቀት በሚለካው ቁልፍ አምስት ላይ። ሥራዬ እንከን አይወጣለትም። ይህን የምጽፈው ማንም ስለጠየቀኝ አይደለም።

አሮጌውን መሪ በላስቲክ ጠቅልዬ አስያዝኳት። አንገቱ ሱቅ ቀረ። ቀጭኑን የሚጨብጥ አንገት ወፍራሙን አይቀበልም፤ ስለዚህ ሁለቱም ነው የተቀየረው።

«እትዬ፣ እንዴት ነው? አማረብኝ?» አለች አዲሱን ይዛ። አፏን ከፈታች ጀምሮ እትዬ ነው የምትለኝ። የምበልጣት በአራት ዓመት ነው፤ አጠራሯ ግን የአርባ ዓመት ሴት ያደርገኛል።

«መሪ ጌጥ አይደለም» አልኳት።

ምን አጠፋሁ? እውነቴን ነው።

ቅዳሜ 8

አሰልጣኙ የሌላ ልጅ ጎማ ሊያስነፋ መጣ። እኔ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ የወደቀ ብሎን ስፈልግ ነበርና አላየኝም። ለባለሱቁ ለጋሽ ጎማ (እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፣ ክብነቱ ያወጣለት ነው) እንዲህ ሲለው ሰማሁ፦

«ትንሿ ሌላ ናት። ታላቋም ጎበዝ ነበረች፣ አልዋሽም። ግን ፍሬን ትወድ ነበር።»

ጋሽ ጎማ ሳቀ። «ፍሬን የወደደ ዕድሜውን ይወዳል።»

«ዕድሜ ሌላ፣ ውድድር ሌላ!»

ብሎኑን አግኝቼዋለሁ፤ እነሱ እስኪወጡ ግን እዚያው ተንበርክኬ ቆየሁ። ፍሬን ትወድ ነበር! የትከሻ አጥንቴ የተሰበረ ቀን ፍሬን አልያዝኩም ነበር። የጠየቀኝ የለም እንጂ።

ውድድር አልናፈቀኝም። ይህን ደግሞ ስንቴ ልጻፈው።

ማክሰኞ 11

ፖስተኛው የብስክሌቱ አንገት ተሰንጥቆበት መጣ። የታናሼን አሮጌ አንገት አስገባሁለት። ልኩ ነው። ከሚቀመጥ ይሥራ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ የለኝም። በመሳቢያው ውስጥ ሌላም አንገት ነበር፣ ለነገሩ።

ረቡዕ 19

ታናሼ ማታ ስትገባ ማሰሪያዋን መፍታት አቅቷት እማዬ ናት ጫማዋን ያወለቀችላት። ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ ደንዝዘዋል። ከቁልቁለቱ እኩሌታ በኋላ መዳፏ የራሷ አይመስላትም።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ወረድሽ?» አልኳት።

«ስድስት።»

«ታዲያ ስድስቴ ወርደሽ እጅሽ እስክስታ ይውረድልሽ እንዴ?»

እማዬ በዓይኗ ገሠጸችኝ። እኔ ግን ሳሕን ሳጥብ እያንጎራጎርኩ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው ነበር፤ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ገባና ይቅር አልኩ።

እሁድ 23

ምሳ ላይ። በግራ እጇ ትበላለች፣ በቀኟ የጎማ ኳስ ትጨምቃለች። ከዚያ እጅ ትለውጣለች። ኳሱ ሲጨመቅ ድምፅ አለው። ሲጥ። ሲጥ። የእጄን ጡንቻ ላጠንክር ብላ ነው አሉ። አሰልጣኙ «እጅሽ ደካማ ነው» ብሏታል።

«ይቺ ልጅ በእንቅልፏም ትጨብጣለች» አለች እማዬ። በኩራት ነው ያለችው። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ብሎን ስጨብጥ ማንም ኮርቶ አያውቅም።

እጇ ደካማ አይደለም። ይህን አውቃለሁ። ድሮ ትግል ስንገጥም ፀጉሬን ከእጇ የሚያስለቅቅ አልነበረም።

ግን እኔ ምን አገባኝ፤ አሰልጣኝ አላት።

ዓርብ 28

ብስክሌቷን ሰንሰለት ልቀይርላት ተቀበልኳት። ከጨረስኩ በኋላ ለመፈተሽ ያህል ወጣ አልኩ። ለመፈተሽ ብቻ። ከሱቁ ጀርባ ባለው የጠጠር መንገድ እስከ ውኃ ታንከሩ ወጥቼ ወረድኩ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገምኩ። ስመለስ ጋሽ ጎማ ሰዓቱን አየና «ሰንሰለቱ ምን አለሽ? አርባ ደቂቃ አወራችሁ» አለኝ።

ወፍራሙ መሪ ግሩም ነው። ቀጥ ያለ፣ የማያመነታ። ሐሳቤን ሳልጨርሰው ይታጠፋል። በኔ ጊዜ ይህ ቢኖር! ለኔ የተመቸኝ ግን ስድሳ ስምንት ኪሎ ስለሆንኩ ነው። አይተጣጠፍም ማለት ድንጋዩን ሁሉ ሳይቀንስ ለእጅ ያስረክባል ማለት ነው። ክብደት ያለው ሰው ይጫነውና ይችለዋል። አሰልጣኙ ዘጠና ኪሎ ነው፤ እሱ እጅ ላይ ምንም አይሰማውም። ታናሼ አርባ ስምንት ኪሎ ናት። እሷን እንደ ቆሎ ነው የሚያንገረግባት። ለእሷ ቀጭኑ ነው፤ ትንሽ ይለመጥና ንዝረቱን ይውጥላታል።

ይህ ማንም ጠጋኝ የሚያውቀው ነገር ነው። ጥፋቱ የኔ አይደለም። እኔ የታዘዝኩትን ገጠምኩ።

ሰኞ 1

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደብተር ላይ መዋሸት ከሰው ፊት ከመዋሸት ይብሳል፤ ሰው ቢያንስ ሊያምንሽ ይችላል።

ጠይቃኛለች። አንዴ ሳይሆን ሁለቴ።

መጀመሪያ ያን ሰኞ። «አሰልጣኙ ወፍራሙን ይላል፤ አንቺስ ምን ትያለሽ እትዬ?» አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል «እሱ ካለ ምን ቀረ» አልኳት። ቀጥሎ ሐሙስ ዕለት፣ አንገቱን ፈትቼ ብሎኖቹ መዳፌ ላይ እያሉ፣ «ግን እውነትሽን ለኔ ይሆነኛል?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። አጠያየቋ ትንሽ ልጅ ሳለች ጨለማ ውስጥ «አለሽ?» እንደምትለኝ ነበር። «አሰልጣኝሽን ጠይቂው» አልኳት።

ያን ጊዜ አርባ ስምንት ኪሎ መሆኗን ረስቼው ነበር? አልረሳሁም። ብሎኑን እያጠበቅኩ እጇ ትዝ ብሎኛል። ይበላት፣ ያኔ የማን ምክር እንደሚሻል ታየዋለች ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ደንዝዛ ተመልሳ እስክትለምነኝ ነበር የጠበቅኩት። አልተመለሰችም። ኳስ ገዛች።

አሁን ብነግራት «ለምን ያኔ ዝም አልሽ?» ትላለች። ምን እላታለሁ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ነገ ጠዋት እነግራታለሁ።

ማክሰኞ 2

ጠዋት ቸኩላ ወጣች። አልተመቸም።

ሐሙስ 11

ሥራ በዝቷል። የክለቡ ብስክሌት ሁሉ እኔ ላይ። አምስት ፍሬን፣ ሁለት ጎማ።

አሰልጣኙ መጥቶ ነበር። የረጅሙን ቁልቁለት ሰዓት ሰበረች አለ። በአራት ሴኮንድ። የማን ሰዓት እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔን ግን ቀና ብሎ አየኝ። የኔ ሰዓት ነው። ስድስት ዓመት የቆመ።

በደነዘዘ እጅ!

ይህን ጽፌ ተነሥቼ ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። በደነዘዘ እጅ ነው የሰበረችው። በጤነኛ እጅ ቢሆን ስንት ሴኮንድ ትጨምርበት ነበር? ልነግራት የነበረውን ሁሉ ዋጥኩት። ሆድ ይፍጀው። ቤት ገብታ ስለ ሰዓቱ ትንፍሽ አለማለቷ ደግሞ አበገነኝ። ንቃኝ ነው።

ረቡዕ 17

እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ስለ መቀሷ ታማርራለች። ጥርሱ ተሸራርፏል። «በዚህ ቤት ብረት የሚቆርጥ ማን ነው?» ብላ እኔን አየችኝ። እኔ የራሴ መቁረጫ አለኝ፤ የወጥ ቤት መቀስ ምን ሊሠራልኝ።

ታናሼ ዛሬ እጇ ተሽሏታል። ማሰሪያዋን ራሷ ፈታች። ኳሱም ሶፋ ላይ ተጥሏል።

«ተሻለሽ?»

«ተሻለኝ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

እንዴት ተሻላት? ወፍራሙ መሪ ሲለመድ ይቀላል እንዴ? ሕመሙን እንኳ ለምዳ ልታልፈው ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ 19

አመልካች ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቱ ለዚህ ነው።

በክለቡ ደንብ ከውድድር በፊት ብስክሌት ሁሉ ጠጋኝ ፊት ይቀርባል፤ ጠጋኙ ካልፈረመ አይወዳደርም። የታናሼን ያመጣው አሰልጣኙ ራሱ ነው። መስቀያው ላይ አወጣሁት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ሰንሰለት፣ ደህና። መሪውን ይዤ ወደ ታች ጫን ስል ዞረ። ትንሽ ነው፤ የጣት ያህል። መሪ አንገቱ ውስጥ አይዞርም! ጎንበስ ብዬ ሳየው ወፍራሙ መሪ አይደለም። በላስቲክ ጠቅልዬ የሰጠኋት ቀጭኑ ነው፤ የገባው ግን ወፍራሙን በሚጨብጠው አንገት ውስጥ ነው። የሦስቱን ሚሊ ክፍተት የሞላው ቆርቆሮ ነው። ከምግብ ጣሳ በመቀስ ተቆርጦ፣ ስምንት ዙር ተጠምጥሞ፣ ጠርዙ እንዳይታይ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ።

በዚህ ሁለት ቀን ቁልቁለት ወርዳለች። አንድ ጊዜ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ብታርፍ መሪው ከእጇ ተገልብጦ ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍሬንም የለ፣ እሷም የለች።

ለዚሁ ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ ቀለበት አለ። በኔ መሳቢያ ውስጥ ሦስት አለ። ቀጭኑን የሚጨብጥ አንገትም አለ። መጥታ «እትዬ ስጪኝ» ማለት ነበረባት። መቀስ ሰብራ፣ ጣሳ ቆርጣ፣ ነፍሷን በቆርቆሮ ላይ ማሳደር ቀለላት፣ እኔን ሦስተኛ ጊዜ ከመጠየቅ።

በቆርቆሮ መሙላትን ደግሞ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋን ብስክሌት ስትይዝ የኮርቻው ብረት ለቀዳዳው ቀጥኖ እየሰመጠ ሲያስቸግራት ከሳርዲን ጣሳ ቆርጬ ሞላሁላት። ኮርቻ ቢሰምጥ ይሳቅበታል። መሪ ሌላ ነው። ይህን ግን አላስተማርኳትም።

አሰልጣኙ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«ምነው? ችግር አለ?»

በገዛ እጁ ብስክሌት የነካካ ልጅ አይወዳደርም። ይህን ሕግ ያወጣው ራሱ ነው፤ ከመኪና አስወርዶ የመለሳቸውን አውቃለሁ። «ይመልከቱት» ብል በቃ። አንዲት ቃል። የኔ ሰዓት ባይመለስም የእሷ እሁድ አይኖርም። ይህን አሰብኩ። ደብተር ላይ አልዋሽም ብያለሁ፤ አስቤዋለሁ። ሰው አንድ ጊዜ እስኪያስነጥስ ያህል አሰብኩት።

«ትንሽ የሚጠብቅ ብሎን አለ» አልኩት። «እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሄደ። ቆርቆሮውን ስፈታ አመልካች ጣቴን ቆረጠኝ። ትክክለኛውን አንገት አስገባሁ፣ ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ አምስት ላይ። ሦስት ጊዜ ፈትሼ ፈረምኩ።

ቅዳሜ 20

ጠዋት ብስክሌቷን ልትወስድ መጣች። መሪውን ስታየው ቆመች። ጋሽ ጎማ ውጭ ነበር።

«ለአሰልጣኙ ነገርሽው?» አለች።

«አልነገርኩትም። ለመሆኑ አብደሻል? ልትሞቺ እኮ ነበር!»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያሳየሽኝ?»

«ለኮርቻ ነው! ለምን አልጠየቅሽኝም? መሳቢያ ሙሉ አንገት አለኝ።»

«ያኛው የኔ አንገት የት ሄደ?»

ፖስተኛው ትዝ አለኝ።

«ጠይቄሽ ነበርኮ» አለች። «አሰልጣኝሽን ጠይቂው አልሺኝ። እሱን ስጠይቀው እጅሽ ደካማ ነው አለኝ። ከዚያ ማንን ልጠይቅ?»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ወፍራሙ እንደማይሆናት ያኔም አውቅ እንደነበር ነገርኳት።

«ያኔ መቼ?»

«ስትጠይቂኝ።»

«የመጀመሪያውን ቀን ነው ሁለተኛውን?»

«ሁለቱንም።»

እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። መዳፏ ላይ የተላጠ አለ፣ ኳሱ ያወጣባት።

«እኔ እኮ እጄን ነበር የምሰድበው» አለች። «ስድስት ሳምንት ሙሉ። ሽንኩርት እንኳ የማይጨብጥ እጅ እያልኩ።» ቀጥላ «ለምን?» አለችኝ።

«ቀንቼ።»

በሦስት ፊደል አለቀ። ይህን ሁሉ ገጽ የሞላሁት እሷን አንዲት ቃል ላለመጻፍ ነው።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «ሰዓትሽን የሰበርኩ ቀን ቤት ያልተናገርኩት እንዳይከፋሽ ብዬ ነበር» አለችና ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ኖሮ ደህና እተኛ ነበር።

እሁድ 21

አራተኛ ወጣች። ከሠላሳ ሁለት።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ከእማዬ ጋር ቆሜ ነበር። ከዛፎቹ መሐል ብቅ ስትል ፊቷን አላየሁም፤ እጇን ነው ያየሁት። ጣቶቿ ፍሬኑ ላይ ቀለል ብለው ተቀምጠዋል። ያን አካሄድ እኔ በሕይወቴ ወርጄው አላውቅም። ቀናሁ። እዚያው ቆሜ፣ እያለቀስኩ፣ ቀናሁ። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር።

እማዬን አቀፈቻት። አሰልጣኙ ጭንቅላቷን ዳበሳት፤ «ወፍራሙን እንደምትለምጂው ነግሬሽ ነበር» አላት። መሪውን እንኳ አላየውም። እሷም አላረመችውም፤ እኔም። ወደ እኔ ዞራ «ለጥገናው አመሰግናለሁ» አለችኝ። ደንበኛ እንደዚያ ነው የሚለው።

ረቡዕ 24

እራት ላይ ጨው አቀብይኝ አለችኝ። አቀበልኳት። ሌላ ነገር የለም።

ማክሰኞ 30

የፊት ፍሬኗ ይጮኻል፤ ዛሬም ጠዋት ስትወጣ እስከ መንገዱ ጫፍ ሰማሁት። ሱቅ ታመጣዋለች ብዬ የፍሬን ሸራ ለይቼ ካስቀመጥኩ ሦስት ቀኔ ነው።

ሐሙስ 2

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ባለፈው ወር ጠጋኝ ቀጥሯል። ረጅም፣ ቀርፋፋ ሰው ነው፤ አንድ ጎማ ለመቀየር ግማሽ ቀን ይፈጅበታል እያልን ከጋሽ ጎማ ጋር ስናሾፍበት ነው የከረምነው። ዛሬ ከቀትር በኋላ ቀና ስል የታናሼ ብስክሌት የእሱ መስቀያ ላይ ተሰቅሏል። እሷ አጠገቡ ቆማለች።

የመስኮቱ መስተዋት መሐል ስላለ ድምፅ አይሰማም። ምንም ከመንካቱ በፊት ቆሞ አንድ ነገር ጠየቃት። ታናሼ ሁለት እጆቿን ዘርግታ አሳየችው። እሱም ጎንበስ ብሎ መዳፏን አየ፣ ጣቶቿን በየተራ እየነካ ጠየቃት፣ ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቀ። ረጅም ነገር እየመለሰችለት ነበር። ቁልፍ ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ ጋሽ ጎማ።

«ያኛውን ጠጋኝ።»

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ይሠራል» አልኩት።